የኦዴት ወንድም

ኤዲልቤርቶ ሎው ለሦስተኛ ጊዜ ከእስር ቤት ሲወጣ የተቀበለችው እህቱ ኦዴት ብቻ ነበረች። መጀመሪያ የተፈታ ጊዜ ሰፈሩ ከበሮ እየደለቀ ነበር ያስገባው። በሁለተኛው አራት ጓደኞቹ መኪና ተከራይተው መጡ። በሦስተኛው ግን ከአራቱ ሁለቱ ሞተዋል፣ አንዱ ራሱ ታስሯል፣ አንዱ ከኮሎን ከተማ ለቆ የት እንደገባ አይታወቅም። ኦዴት ጃንጥላዋን ይዛ ከበሩ ማዶ ቆማ ነበር።

«ወፍረሃል» አለችው።

«ሩዝ ነው።»

አውቶቡስ ተሳፈሩና ዝናቡን እያዩ ወደ ከተማ ገቡ።

ቤርቶ ይሉታል። ዕድሜው አርባ አንድ ነው፤ ከዚያ ውስጥ አሥራ ሰባቱን የበላው እስር ቤት ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ዳንስ ቤት ውስጥ ጫማውን የረገጠበትን ሰው ሆዱን ወጋ፤ አራት ዓመት። በሃያ ስድስቱ አንዱን ጭኑ ላይ በጥይት መታ፤ ስድስት ዓመት። በሠላሳ አራቱ ዶሚኖ ሲጫወቱ የሳቀበትን ሰው በብረት ቧንቧ ደብድቦ አንድ ዓይኑን አጠፋ፤ ሰባት ዓመት። በወጣ ቁጥር ደህና ሰው ሆኖ ይቀመጣል፤ ሁለት ሦስት ዓመት ሲሞላው ይመለሳል። ዳኞቹም ዘበኞቹም ለምደውታል። በሦስተኛው ሲገባ የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ፣ «አድራሻህ ያው ነው?» ብሎ ቀና እንኳ ሳይል ጽፎለታል።

ተጸጽተሃል ወይ ሲሉት አዎ ይላል፤ ትክክለኛው መልስ እሱ መሆኑን ያውቃል። ብቻውን ሲሆን ግን አንዳንዴ ራሱን ይጠይቃል። ዓይኑ የጠፋውን ሰው ፊት ያስታውሳል፣ ቧንቧው ያወጣውን ድምፅ ያስታውሳል፣ የዶሚኖው ጠረጴዛ ሲገለበጥ ያስታውሳል። ከዚያ ይጠብቃል። የሚመጣ ነገር የለም። ሰው የለቀቀውን ቤት እንደ ማንኳኳት ነው። እንዲህ የሆነው መቼ እንደሆነ አያውቅም፤ ምናልባት በሁለተኛው እስር ይሆናል፣ ምናልባትም ከዚያ በፊት።

ሥራ ያገኘው ዓሣ ማራገፊያው አጠገብ ካለው የበረዶ ፋብሪካ ነው። ማለዳ ይገባል፣ ግግሩን በረዶ በመንጠቆ ከማቀዝቀዣ ክፍሉ ይጎትታል፣ ለመፍጫው ያጎርሳል፣ የተፈጨውን ለጀልባዎቹና ለዓሣ መኪኖቹ በአካፋ ይጭናል። መፍጫው ስለሚጮህ ማንም ከማንም አያወራም። ያ ተስማማው። አለቃው በሁለተኛው ወር፣ «አንተ ሰውዬ፣ ዲዳ ነህ እንዴ?» ብሎ ጠየቀው፤ ቤርቶ ራሱን ነቅንቆ አይደለሁም አለ።

የተፈታው በአመክሮ ነው። ስለዚህ አንድ ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ማታ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለችው አዳራሽ መገኘትና መፈረም ግዴታው ነበር። እንደሱ ደጋግመው የታሰሩ ስምንት ዘጠኝ ሰዎች በፕላስቲክ ወንበር ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። የምትሰበስባቸው ሚስ ኦርቴንስያ የምትባል ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ወፍራም። በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አለቻቸው፦

«ድንገተኛ ክፍል ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ። ሠላሳ ዓመት እናንተ የቀደዳችሁትን ስሰፋ ኖርኩ። አሁን ዓይኔ ደከመ፣ ክሩ መርፌው አልገባ አለኝ። ስለዚህ ከመቀደዱ በፊት ልድረስ ብዬ ነው።»

ስብከት አታውቅም። ስለ ወንጀሉ መስማትም አትወድም። የምትጠይቃቸው ከወንጀሉ በፊት ስለነበረችው አንዲት ሰዓት ነው። የት ነበርክ? ምን በላህ? ማን ምን አለህ? ማን ያይህ ነበር? እንደ ሐኪም ነው የምትመረምራቸው። ቤርቶ ተራው ሲደርስ ሦስቱንም ሰዓቶች ነገራት። በአንደኛው የተጠበሰ ዓሣ እየበላ ነበር፤ ጓደኛው መጥቶ ያ ሰው ያለህን ሰማህ አለው። በሁለተኛው የአጎቱ ልጅ ሽጉጥ ይዞ መጣና ሄድን አለው። በሦስተኛው ማንም ምንም አላለውም፤ ሰዎቹ ብቻ ዞረው ምን ያደርግ ይሆን ብለው አዩት።

«በሦስቱም ጊዜ ቆመህ ነበር?» አለችው ሚስ ኦርቴንስያ።

«አዎ።»

«ማንም ተቀመጥ አላለህም?»

ሰዎቹ ሳቁ።

«ሳቁ፣ ሳቁ። እኔ የምሬን ነው። ያቺ ሰዓት ስትመጣ መጸለይ የሚችል ይጸልይ። የማይችል ቁጭ ይበል። ወንበር ከሌለ መሬት ላይ።»

«ሚስ ኦርቴንስያ፣ ነጭ ሱሪ ለብሼ ከሆነስ?» አለ አንዱ ቀልደኛ።

«አምጣውና እኔ አጥብልሃለሁ። የእስር ቤቱን ልብስ ማን ነበር የሚያጥብልህ? እናትህ?»

ቤርቶ ፈርሞ ወጣ። ከዚያ በኋላም ሐሙስ ሐሙስ እየሄደ ይፈርም ነበር።

እህቱ ቤት በስምንተኛው ጎዳና ላይ ካሉት አሮጌ የእንጨት ቤቶች አንዱ ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ፣ በረንዳው ወደ መንገዱ የዘመመ። ኦዴት በዕድሜ አምስት ዓመት ትበልጠዋለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ያላት አንድ ልጅ ኬይነር ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ነጻ ንግድ ቀጠናው ውስጥ ካርቶን ተሸካሚ፣ ቆንጆ፣ አፈኛ፣ በሰፈሩ የማርሽ ባንድ ከበሮ መቺ። አጎቱን ያከብረዋል፤ ግን እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ወሬ ነው የሚያከብረው። ጓደኞቹ ሲመጡ፣ «አጎቴ ነው፣ ያ ቤርቶ» ይላቸዋል። እነሱም እጃቸውን አጥበው እንደቀረቡ ሰዎች በትሕትና ይጨብጡታል።

ከተፈታ በስምንተኛው ወር፣ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ፣ የኖቬምበር የነጻነት በዓል ሰልፍ ልምምድ ከተማውን አደነቆረው። ባንዶቹ ከሰዓት በኋላ በየጎዳናው ከበሮ ይደልቃሉ። ኬይነር በሚመታበት ባንድ ዮርማን የሚባል ልጅ አለ፤ የአሥራ ሁለተኛው ጎዳና ልጅ። በፊተኛው ረድፍ ማን ይቁም በሚል ተጣሉ። ኬይነር በሴቶቹ ፊት ዮርማንን፣ «አንተ ከበሮ አትመታም፣ በር ነው የምታንኳኳው፤ የሚከፍትልህ የለም!» አለው። ሴቶቹ ሳቁ። በማግስቱ ኬይነር ከሥራ ሲመለስ ዮርማን መታጠፊያው ላይ ጠብቆ በካርቶን መቅደጃ ምላጭ ፊቱን ከጆሮው እስከ ከንፈሩ ጫፍ ቀደደው። ሠላሳ ስምንት ስፌት ገባበት። ፖሊስ ማን ነው የመታህ ሲለው አላየሁትም አለ። የሰፈሩ ልማድ ነው፤ ስም አይሰጥም።

ኦዴት ሆስፒታል ሁለት ቀን ተቀመጠች። አላለቀሰችም። እሑድ ዕለት ከሆስፒታል መጥታ በኮኮናት የተቀቀለ ሩዝ ሠራች፣ ዓሣ ጠበሰች፣ ለቤርቶ አቀረበችለትና ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ሲበላ ታየው ጀመር።

«ጣፈጠህ?»

«ጥሩ ነው።»

«ጨው አላደረግኩበትም።»

ቤርቶ ሳህኑን አየው። አላስተዋለም ነበር።

«ያን ልጅ ታውቀዋለህ?» አለችው።

«የቱን?»

«ኤዲልቤርቶ፣ አትቀልድብኝ።»

«አውቀዋለሁ። በዓይን።»

«ዛሬ ከሰዓት ሴልቪን ጋ ፀጉሩን ይላጫል አሉ። ለሰልፉ። የእኔ ልጅ ፊቱ በክር ተሰፍቶ ተኝቷል፣ እሱ ለሰልፍ ይቆነጀል።»

ቤርቶ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«አሥራ ሰባት ዓመት ምግብ አመላለስኩልህ። በፀሐይ፣ በዝናብ፣ ዘበኛ እየዳበሰኝ። ስለ ምን ነበር? ስለ ጫማ! ስለ ዶሚኖ! አንድም ቀን ምን አደረግክ ብዬህ አላውቅም። ስለማይረባ ነገር የሰው ደም ስታፈስ ኖረህ፣ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ስለሚገባው ነገር ብትሆንስ?»

«አንቺ ነሽ ይህን የምትይኝ?»

«እኔ ነኝ። ከእግዚአብሔር ጋር በኋላ እታረቃለሁ።»

ተነሥታ ከማድ ቤት በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አመጣችና ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠችው። የዓሣ ቢላዋዋ ነበር። ፊቷን አዙራ ሳህኑን አነሣችና ውኃ ከፈተችበት። ለሦስት እስር ሦስት ጊዜ ንስሐ ግባ ብላ ያስጨነቀችው፣ መጽሐፍ ቅዱስ የላከችለት፣ ስለሱ የጾመች ሴት ናት። ጀርባዋን አየው። ማዘን ነበረበት፤ ወይም መቆጣት። እጁን ዘርግቶ ጋዜጣውን አነሣና ወገቡ ላይ ሻጠው። ለምን እንዳነሣው ቢጠየቅ አያውቅም። ሲያቀብሉት የሚቀበል ሰው ነበር።

መንገድ ላይ ሲወጣ ሁሉም ያወቀ ይመስል ነበር። ዶሚኖ የሚጫወቱት ሰዎች ጠጠሩን ማንኳኳት አቆሙ። አንደኛው ከወንበሩ ሳይነሣ፣ «ቤርቶ! የእኛንም ሰላምታ አድርስልን!» አለ። ሌላው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አልኳችሁ እኮ፣ ተኝቶ ነው እንጂ አልሞተም» አለ። በረንዳ ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴት ሕፃኗን ወደ ቤት አስገባች። ቤርቶ ይሄዳል። እግሩ መንገዱን ያውቃል፤ አካሄዱ እንኳ ከስምንት ወር ወዲህ እንዲህ ቀና ብሎ አያውቅም። ሰዎቹ ሲያዩት ደስ ብሏቸው ነበር። እሱን ምንም አላለውም። ከበሮው ከሩቅ ይሰማል።

ሴልቪን ጸጉር የሚላጨው ከአንድ በረንዳ ሥር፣ በእግረኛ መንገዱ ላይ ነው። አንድ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ አንድ መስታወት፣ ለተረኛ አንድ አግዳሚ። ስድሳ ዓመት ሆኖታል፤ እሱም ድሮ ታስሮ ያውቃል፤ የቤርቶን ጸጉር እዚያው እስር ቤት አምስት ዓመት ላጭቶለታል። ዮርማን ነጭ ጨርቅ እስከ አንገቱ ተጠቅልሎ ወንበሩ ላይ ነበር። ግማሽ ራሱ ተላጭቷል። ቤርቶን በመስታወቱ ውስጥ አየው። እጆቹ ከጨርቁ ሥር ነበሩ፤ ለመነሣት ቢሞክር ሴልቪን ምላጩን አንገቱ ላይ አድርጓል።

«እንዳትንቀሳቀስ፣ እቆርጥሃለሁ» አለ ሴልቪን። ከዚያ ዞር ሳይል፣ «ቤርቶ፣ ተራ አለ። ይህን ልጅ ልጨርስና አንተን አስገባሃለሁ። ተቀመጥ።»

ቤርቶ ቆሞ ቀረ። ከማዶ ሦስት አራት ሰዎች ቆመው ያዩ ነበር። ተቀመጥ የሚለው ቃል እንደ ማንኛውም የመንገድ ድምፅ በጆሮው ገባ። አግዳሚው ባዶ ነበር። ተቀመጠ። ሲቀመጥ ቢላዋው ጎኑን ወጋው፤ ስለዚህ አወጣና ከጋዜጣው ጋር አጠገቡ አግዳሚው ላይ አስቀመጠው። ጋዜጣው ተፈታና ስለቱ ታየ። ዮርማን በመስታወቱ አየው።

«መጣህ» አለ ዮርማን። ድምፁ ቀጥኗል።

«መጣሁ።»

«አሁን ነው ወይስ ሲጨርስ?»

«ሥራዬን አስጨርሱኝ» አለ ሴልቪን። «ግማሽ ራሱን የተላጨ ሬሳ ከእጄ ወጣ ከተባለ ማን ሁለተኛ ይመጣልኛል?»

ማንም አልሳቀም። ምላጩ ይቧጥጣል። ቤርቶ የልጁን ማጅራት ያይ ነበር። ንዴቱን ፈለገ፤ የኬይነርን ፊት፣ ክሩን፣ ያበጠውን ከንፈር እያሰበ ፈለገው። አልመጣም። ርኅራኄም ፈለገ፤ እሱም አልነበረም። በሐሳቡ የመጣው ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ሲገቡ የጫማ ክር አስፈትተው በላስቲክ ከረጢት ይጨምሩታል። ከዚያ ፎቶ። ከዚያ ያ የመዝገብ ቤት ሰውዬ፣ አድራሻህ ያው ነው? ከዚያ ኦዴት በዝናብ ውስጥ ምግብ ይዛ፣ ሃምሳ ዓመቷ፣ ሃምሳ አምስት ዓመቷ። ፍርሃት አይደለም። ሰለቸው። አንድ ሰው አራት ጊዜ የሰማውን ወሬ ሲጀምሩለት እንደሚሰለቸው ነው የሰለቸው።

«ስንት ዓመትህ ነው?» አለው።

«ሃያ ሦስት።»

«እኔ በሃያ ሦስት ከመጀመሪያው ወጣሁ።»

«ልትሰብከኝ ነው የመጣኸው?»

«ስብከት አላውቅም።»

«እሱ ነው የጀመረው» አለ ዮርማን፤ አሁን ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «በሰው ፊት ሰደበኝ። በሴት ፊት። ምን ላድርግ? ብተወው ነገ ማንም ይጫወትብኛል።»

«አውቃለሁ። የኔም ሦስቱም ሌሎቹ ናቸው የጀመሩት።»

ሴልቪን ምላጩን በጨርቅ ጠረገ። ቤርቶ፣ «ሌላ አገር ዘመድ አለህ?» አለው።

«አክስቴ ቦካስ ናት።»

«ዛሬ ሂድ።»

«ሰልፉስ?»

«ከበሮውን ሌላ ይመታዋል። ስማኝ። እህቴ ልካኛለች። ምንም ሳላደርግህ እመለሳለሁ። ከዚያ የኬይነር ጓደኞች ይመጣሉ፤ እነሱ ባይመጡ እሱ ሲድን ይመጣል። አንተም እንደሚመጡ ስለምታውቅ የሆነ ነገር ይዘህ ትጠብቃለህ። ከዚያ አንዳችሁ እኔን ትሆናላችሁ፣ አንዳችሁ ትቀበራላችሁ።»

«ሸሸ ይሉኛል።»

«ይሉሃል። እኔንም ይሉኛል።»

ሴልቪን ጨርቁን አነሣና ፀጉሩን አራገፈ። «ጨርሻለሁ» አለ። «ልጄ፣ የነገረህን አድርግ። ይህ ሰው ብዙ አይናገርም፤ አምስት ዓመት አውቀዋለሁ፣ የዛሬው ከአምስት ዓመቱ ይበልጣል።»

ቤርቶ ቢላዋውን ለሴልቪን ሰጠው። ልጁን ብቻውን ቢለቀው አውቶቡስ መናኸሪያው ሳይደርስ አንዱ እንደሚያገኘው ያውቃል፤ ስለዚህ አብሮት ሄደ። ስድስት ጎዳና በጠራራ ፀሐይ፣ ጎን ለጎን፤ አጭሩ መንገድ በዶሚኖ ተጫዋቾቹ በኩል ነው። ተጫዋቾቹ ጠጠራቸውን እንደያዙ አዩአቸው። ከዚያ አንዱ ጀመረ፦

«ቤርቶ፣ መኪና ስላለ እጁን ያዝለት እንጂ!»

«ሰርጉ መቼ ነው? አትጠሩንም?»

«ኦዴት ቀሚሷን ታውስህ!»

ጠጠሮቹ ጠረጴዛው ላይ ተንኳኩ፣ ሳቁ። ዮርማን ጥርሱን ነክሶ መሬት መሬት ያያል። በእንዲህ ያለ ሳቅ የአንድ ሰው ዓይን ጠፍቶ ነበር። ቤርቶ ሳቁን ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ሰማው፤ ብዙ ነው፣ ይጮኻል፣ ግን እሱን አልነካውም። ሄዱ። መናኸሪያው ሲደርሱ አውቶቡሱ ሊወጣ ነበር።

«ለምን?» አለ ዮርማን ከደረጃው ላይ ቆሞ። «ለምን ግን?»

«ግባ፣ እየሞላ ነው።»

ወደ ቤት ሲመለስ ኦዴት በረንዳው ላይ ቆማ ነበር። ወሬው ቀድሞታል። ደረጃውን ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ቢላዬስ?» አለችው።

«ሴልቪን ጋ ነው።»

«አውቶቡስ አሳፈርከው አሉኝ።»

«አዎ።»

«ለሰው ልጅ ሁሉ ጨክነህ፣ የኔን ልጅ ፊት ለቀደደው ነው የራራኸው?»

«አልራራሁለትም።»

«ታዲያ ምንድን ነው? ፈራህ?»

«አልፈራሁም። እኔ እንጃ፣ ኦዴት። ተቀመጥኩ።»

ኦዴት ገባችና ልብሱን በአንድ የፕላስቲክ ከረጢት ጨምራ አወጣችለት። ብዙ አልነበረም። «ሰው ገድለህ ብትመጣ እንኳ ይህ ቤት ቤትህ ነበር» አለች። «አሁን ግን ውጣልኝ። ዓይኔ አንተን ማየት አይችልም።» በሩን አልወረወረችውም፤ ቀስ ብላ ዘጋችው።

ቤርቶ የበረዶ ፋብሪካው የዕቃ ክፍል ውስጥ ባዶ ጆንያ አንጥፎ ሰነበተ። ሐሙስ ሲደርስ አዳራሽ ሄደ፣ ያቺን ሰዓት እንደተለመደው ተናገረ፤ ጨው የሌለውን ሩዝ፣ ቢላዋውን፣ አግዳሚውን። ያ ነጭ ሱሪ ያለው ቀልደኛ፣ «ታዲያ አሁን ደስ ይላል?» ብሎ ጠየቀው፤ በቅን ልቦና ነበር፣ ማወቅ ፈልጎ።

«አይልም» አለ ቤርቶ።

«ምንም?»

«ምንም።»

ሚስ ኦርቴንስያ አላጨበጨበችም፣ አላመሰገነችውም። «የት ነው የምታድረው?» አለችው። ነገራት። «በዚያ ብርድ? ሳንባህን ትጨርሰዋለህ» አለችና የፈረመበትን ወረቀት ጥግ ቀድዳ ክፍል የምታከራይ የአንዲት ባልቴት አድራሻ ጻፈችለት። «ሚስ ኦርቴንስያ ላከችኝ በላት። በር ላይ ጫማህን አውልቅ፤ ወለሏን ትወዳለች።»

ሰልፉ አለፈ። ከበሮው ዝም አለ። የኬይነር ስፌት በወጣ በሁለተኛው ሳምንት፣ በምሳ ሰዓት፣ መፍጫው ቆሞ ሠራተኞቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሳለ ኬይነር ወደ ፋብሪካው ግቢ ገባ። ጠባሳው ገና ቀይ ነው፤ አፉን ወደ አንድ ወገን ስቦታል። ቤርቶ የመጨረሻዋን ግግር በረዶ እየጎተተ ነበር፤ መንጠቆው በእጁ ነው።

«አጎቴ!» አለ ኬይነር። የቀረውን ግን አልተናገረም። በቡጢ አፉን አለው።

የቤርቶ ቀኝ እጅ ራሱ ተነሣ። መንጠቆው እስከ ትከሻው ከፍ አለ፤ ሠራተኞቹም አዩት፣ አንዱም ጮኸ። ቤርቶም እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየው። ከዚያ ጣቶቹን ከፈታቸው፤ ብረቱ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለ። ሁለተኛው ቡጢ ጉንጩ ላይ አረፈ። ሦስተኛው ጥርሱን አግኝቶ የኬይነርን የጣት አንጓ ቀደደው። ቤርቶ እጁን አውርዶ ቆመ።

«መልስልኝ!» ኬይነር ይጮኻል። «ለምን አትመታኝም? ሰው ሁሉ እየሳቀብኝ ነው! ፊቴን እያዩ ይስቃሉ! አንተ የኔን ደም ለአውቶቡስ ሸጥከው! ለምን?»

«ጠባሳህ ተከፍቷል» አለው ቤርቶ።

እውነትም ከከንፈሩ ጫፍ ትንሽ ደም ይወርድ ነበር። ኬይነር እጁን ፊቱ ላይ አደረገና ደሙን አየው። እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ለማልቀስ አፉ ስለማይታዘዝለት በግማሽ ፊቱ ብቻ። ቤርቶ የተፈጨ በረዶ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሮ ሰጠው። ኬይነር የሚወረውረው መስሎ ነበር፤ ከዚያ ያበጠውን እጁን በላዩ አድርጎ ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ።

አለቃው መጥቶ፣ «ማን ነው? ፖሊስ ልጥራ?» አለ።

«የእህቴ ልጅ ነው» አለ ቤርቶና መንጠቆውን አነሣ። ከንፈሩ አራት ቀን አመመው፤ በአንድ ወገን እያኘከ በላ።

ከዚያ የሆነውን ቤርቶ የሰማው ከሴልቪን ነው። የኬይነር ጓደኞች ቦካስ ድረስ ሄደው ልጁን እንፈልገው ብለው መኪና አዘጋጅተው ነበር። ኬይነር ግን፣ «ተዉት፣ ጉዳዩ አልቋል» አላቸው። እንዴት አለቀ ሲሉት፣ «አጎቴን መታሁት» አለ። ይህ ለምን እንደበቃቸው ማንም በደንብ ሊያስረዳ አይችልም። ቤርቶን የመታ ሰው በሰፈሩ አልነበረም፤ ኬይነር መታው። ስለዚህ ከእንግዲህ ማንም አይስቅበትም። ስለዚህ የሚሄዱበት ጉዳይ አልነበረም። መኪናውን ባሕር ዳርቻ ሄዱበት።

ዮርማን በካርኒቫል ሰሞን ተመለሰ። አንድ ቀን ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ከኬይነር ጋር ተገጣጠሙ፤ በመካከላቸው ሁለት ሴቶች ነበሩ። ተያዩ። ኬይነር ዳቦውን ገዝቶ ወጣ። ወዳጅ አልሆኑም፣ ሰላምታም የላቸውም። ኬይነር ከበሮውን ሸጦታል።

ቤርቶ ዓመቱ ሲሞላ የአመክሮው ሹም ወረቀቱን ዘጋለት። ሐሙስ ሐሙስ አዳራሽ መሄዱን ግን አልተወም፤ ግዴታው ካለቀ ለምን ትመጣለህ ሲሉት፣ «ሐሙስ ሌላ ሥራ የለኝም» ይላል። በባልቴቲቱ ቤት በር ላይ ጫማውን እያወለቀ ይገባል። ዶሚኖ ተጫዋቾቹ አሁንም ሲያልፍ አንድ ነገር ይወረውራሉ፤ እየቀነሰ ሄዷል፣ እነሱም ሰልችቷቸዋል።

ኦዴት መንገድ ላይ ስታየው ትሻገራለች። በጁላይ ግን የፎቅ ጎረቤቷ ሞተችና ለለቅሶው መጠጥ ማቀዝቀዣ በረዶ ያስፈልግ ነበር። ኦዴት በታክሲ ወደ ፋብሪካው መጣች። ሌላ ሠራተኛ ስላልነበረ ቤርቶ ወጣ። ጥቁር ለብሳለች፤ ፀጉሯ ከፊት ነጭቷል።

«ሃያ ኪሎ» አለች። «የተፈጨ።»

በአካፋ ሞላላት። አሰረላት። ትንሽ ጨመረበት፤ አየችው፣ አልተቃወመችም።

«ማን ነው የሞተው?»

«ሚስ አልቫ።»

«አላወቅኩም ነበር።»

«ትናንት ጠዋት ነው።» ዓይኗ ከንፈሩ ላይ ባለችው ትንሽ ጠባሳ ላይ ትንሽ ቆየ። «ቀብሩ ነገ በሦስት ሰዓት ነው» አለች።

ና አላለችውም፤ አትምጣም አላለችውም። ቤርቶ ከረጢቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ታክሲው ድረስ ተሸከመላትና ከኋላ አስገባው። ታክሲው ወጣ። የዓሣ መኪና በሩ ላይ ቆሞ ጥሩምባ እየነፋ ነበር፤ አካፋውን አነሣና ሄደ።